የጫማ ካርቶኑን ከፈትኩት

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ስትደውል አላነሳሁም፣ የላክልኝንም አንብቤ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሥራ በወጣሁበት ሰሞን "እንዴት ነህ?" ለሚለኝ ሰው የምመልሰው አልነበረኝም። አንድ ሳምንት ዝም ካልክ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማውራት ይከብዳል፣ ወር ሲሞላ ደግሞ ከየት እንደምትጀምር ራሱ ይጠፋሃል። ይቅር በለኝ። ለፋሲካ እናትህን ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው። "ተጣላችሁ እንዴ ልጄ?" ሲሉኝ ግን አንገቴን ደፋሁ። የዚያን ዕለት ማታ ነው ልጽፍልህ የቆረጥኩት።

ደግሞ የምነግርህ ነገር አለኝ። ወደ ጀርመን ስትሄድ እኔ ጋ ያስቀመጥከውን የጫማ ካርቶን ከፈትኩት። ያ ትንሹ ኮምፒውተር ራስበሪ ፓዩ፣ የተጠላለፉት ሽቦዎች፣ እና ያቺ ዲኤስ 3231 የምትባለው የሰዓት ቺፕ ከነባትሪ ማስቀመጫዋ፣ ሁሉም እንዳሉ ናቸው። በእነሱ ለሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከዕቃ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም፣ መጻፍ እየተማርኩ ነው። ዶርም ሳለን "አንድ ቀን ከርነሉ ውስጥ እንገባለን" እንባባል አልነበር? ይኸው የሊኑክስ እምብርት ውስጥ ገባሁ።

በሰዓት የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያንተ ራስበሪ ፓይ 4 ነው፣ በባትሪ የሚሠራ የራሱ ሰዓት የለውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። መብራት እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ላንተ አልነግርህም። ቺፗ ግን በዚያች ትንሽ ባትሪ መቁጠሯን ትቀጥላለች፣ በዓመት ብትዛነፍ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።

ለዚህች ቺፕ ሊኑክስ ውስጥ ድራይቨር አለ እኮ ትለኛለህ። አለ፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመረጥኳት። የራሴን ከባዶ እጽፋለሁ፣ ስጣበቅ ያንን ከፍቼ እነሱ እንዴት እንደተወጡት አያለሁ። አስተማሪ በሌለበት ቦታ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። የከርነሉ ኮድ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ድራይቨር ነው፣ ሁሉም ደግሞ ክፍት ነው። ማንንም ሳታስፈቅድ ታነበዋለህ።

ይኼ ሁሉ ድራይቨር ከየት መጣ ብዬ ሳስብ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ትዝ ይለኛል። በነሐሴ 1991 በአውሮፓውያን፣ ሄልሲንኪ ውስጥ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ ሥራውን ሲያስተዋውቅ፣ ከኤቲ ሃርድ ዲስክ ሌላ ምናልባት መቼም እንደማይደግፍ ጽፎ ነበር። ለምን? በእጁ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ። ከዚያ ሌላው ሰው የራሱን ኔትወርክ ካርድ፣ ሌላው የራሱን ፕሪንተር ይዞ መጣ። እኔን ከመኝታ የሚያስነሳኝ ይኼ ነው። ድራይቨር የሚጽፈው ዕቃው እጁ ላይ ያለ ሰው ነው፤ እኛ እጅ ላይ ደግሞ ስንት ዕቃ አለ መሰለህ፣ ያገለገለ ስካነር፣ ስሙ የማይታወቅ የዋይፋይ ስቲክ፣ "ድራይቨር የለውም" ተብሎ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ስንት ነገር።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ፣ አንተ የምትፈልገው እሱን ነው።

ዳታሺቱን፣ የቺፗን መግለጫ ጽሑፍ፣ ሦስት ቀን አነበብኩ። ቺፗ 19 ሬጂስተር፣ ማለትም ቁጥር የምታስቀምጥባቸው ትንንሽ ቦታዎች፣ አላት። ሴኮንድ ዜሮ ላይ፣ ደቂቃ አንድ ላይ፣ ሰዓት ሁለት ላይ እያለ ይቀጥላል። የምትነጋገረው በአይ ቱ ሲ በሁለት ሽቦ ነው፣ አንዱ ዳታ፣ አንዱ ክሎክ። እስከዚህ ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ድራይቨር ውስጥ "ሜይን" የሚባል የፕሮግራም መነሻ አለመኖሩ ነው። አንተ አይደለህም ፕሮግራሙን የምታስኬደው፣ ከርነሉ ነው ሲፈልግህ የሚጠራህ። ድራይቨርህ "ይህችን ቺፕ አውቃታለሁ" ብሎ ይመዘገባል፣ ከርነሉ ዲቫይስ ትሪው (ማሽኑ ላይ ያሉ ዕቃዎች ዝርዝር) ላይ ያንኑ ስም ሲያገኝ ፕሮብ የሚባለውን ፈንክሽንህን ይጠራል። ስሙ ካልገጠመ አይጠራህም። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም። ሁለት ቀን ሙሉ ተንከራትቼ ያገኘሁት በኮማ ፋንታ ሰረዝ (-) መጻፌን ነው። ካስተካከልኩት በኋላ የአይ ቱ ሲ ዝርዝሩን ሳወጣ የቺፗ አድራሻ የሆነው 68 የሚለው ቁጥር ጠፍቶ በቦታው ሁለት ዩ ተተካ። አድራሻው በድራይቨር ተይዟል ማለት ነው። የያዘው የእኔ ነው! ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር፣ የምነግረው ሰው አጥቼ አንተን አሰብኩህ።

ከዚያ ሰዓቱን ማንበብ ጀመርኩ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ስድስት። እንደገና ሞከርኩት። ዘጠኝ፣ አሥራ ስድስት። ዝም ብዬ ሳየው 25 ደርሶ 32 ላይ ዘለለ፣ እንዲህ እያለ 89 ከደረሰ በኋላ ወደ ዜሮ ተመለሰ። ሽቦው ላላ ብዬ ነቅዬ ሰካሁት። ሽቦው ምንም አልሆነም። ቺፗ ቁጥሩን የምታስቀምጠው በቢሲዲ ነው፤ አራቱ ቢት ለአንዱ አሃዝ፣ አራቱ ለሌላው። አሥር ለእሷ አንድና ዜሮ ጎን ለጎን ነው፣ እኔ ግን እንደ ተራ ቁጥር ሳነበው 16 ይሆናል። ዳታሺቱ ላይ ተጽፏል፣ አይኔ እያየ ነው ያለፍኩት። ከርነሉ ውስጥ የሚቀይር ፈንክሽን ተዘጋጅቶ ስላለ ጥገናው አንድ መስመር ነው።

ትልቁ ችግር ኢንተራፕት ላይ፣ ዕቃው ሲፒዩውን በሚያቋርጥበት ምልክት ላይ፣ መጣ። ቺፗ በየሴኮንዱ አንዴ ምልክት እንድትሰጠኝ አደረግኩና በዚያ ምልክት ሰዓቱን ላንብብ አልኩ። ድራይቨሩን እንደ ሞጁል ከርነሉ ውስጥ አስገባሁት፣ ማሽኑ ደረቀ። ኪቦርድ የለ፣ ስክሪን የለ። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት እሱ ብቻ ይሞታል፤ ከርነል ውስጥ ስትሳሳት ግን ሁሉንም ይዘህ ትወድቃለህ። ደግነቱ የሴሪያል ኬብልህም ካርቶኑ ውስጥ ነበር። እሱን ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ስሞክር ከመሞቱ በፊት የተናገረውን ያዝኩት፤ አቶሚክ ሆነህ ሳለ መተኛት፣ ማለትም ቆመህ መጠበቅ፣ ሞከርክ ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተራፕት ሲመጣ ሲፒዩው የያዘውን ጥሎ ነው ወዳንተ የሚመጣው፣ እዚያ ቆመህ ማንንም መጠበቅ አይፈቀድልህም። አይ ቱ ሲ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ መልስ እስኪመጣ ያስጠብቃል። መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ኢንተራፕቱ ላይ "ሰምቻለሁ" ብለህ ትወጣለህ፣ ንባቡን ተረጋግቶ መጠበቅ የሚችል ሌላ ትሬድ፣ ለብቻው የሚሄድ ሥራ፣ ይሠራዋል። ይኼንን ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፣ ፈተናም ወጥቶልናል፣ ግን የገባኝ ማሽኑ እጄ ላይ ሲደርቅ ነው።

አንዲት በጣም የወደድኳት ነገር ደግሞ አለች። ቺፗ ባትሪዋ አልቆ ቆጠራው ከቆመ አንዲት ቢት ታነሳለች፣ ይኼ ሰዓት አይታመንም ማለት ነው። መጀመሪያ አላየኋትም ነበርና ድራይቨሬ የተሳሳተ ሰዓት በሙሉ ልብ ይናገር ነበር። አሁን ያቺ ቢት ከተነሳች ኤረር ይመልሳል። ጊዜውን ካላወቀው አላውቅም ማለት አለበት፣ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ታናሽ እህቴ ስክሪኑን አይታ "ሰዓትህ ተሳስቷል" አለች፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳለ ስድስት ይላል። አልተሳሳተም፣ ዩቲሲ የሚባለውን የዓለም መነሻ ሰዓት ነው የያዘው። እሷ ግን የእኛን አቆጣጠር፣ ጳጉሜንም ጭምር፣ ለምን አታስገባበትም ብላ ስታደርቀኝ ዋለች። ከርነሉ ውስጥ አይገባም፣ ቦታው አይደለም። በላዩ ላይ የሚሄድ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌላት አሁን ግድግዳው ላይ በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ያሳያል።

ኮዱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፣ 300 መስመር ገደማ ነው። ሳትራራልኝ እየው። በተለይ ሞጁሉን ሳወጣው የሚሄድበትን መንገድ እይልኝ፣ ትሬዱ ገና እያነበበ ሳለ የያዝኩትን ሚሞሪ የምለቅ ይመስለኛል፣ ከአሥር ጊዜ አንዴ ሎጉ ላይ ይጮህብኛል። ቀጥዬ ያሰብኩት ያንን የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ የጣሉትን ስካነር ነው። ባለቤቱ "ካስነሳኸው ውሰደው" ብሎኛል። ለእሱ ድራይቨር የለም፣ ከፍቼ የማየው መልስም የለም፣ ስለዚህ ብቻዬን አልችለውም።

ቅዳሜ ማታ በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ። አንተ ባታነሳ አልቀየምም፣ እሑድ እደግመዋለሁ። ስትመጣ ደግሞ ትንሿን ባለ ስምንት ቻናል ሎጂክ አናላይዘር፣ ሽቦ ላይ የሚያልፈውን ምልክት የምታሳየውን መሣሪያ፣ ያዝልኝ፣ እዚህ ፈልጌ አጣሁ። እናትህ የሰጡኝ በርበሬ እኔ ጋ ነው፣ መንገደኛ ካለ ንገረኝ።

ወንድምህ