ጋልሲምን ለምትጠቀሙ፦ ፒክስሉን ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥሩት

ውድ አባላት፣

በጋልሲም (የጋላክሲ ምስሎችን በኮምፒውተር አስመስሎ በሚሠራው ሶፍትዌር) የጋላክሲ ምስል ስትሠሩ ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ የሰርሲክ ፕሮፋይሉን፣ ማለትም የጋላክሲው ብርሃን ከመሃል ወደ ዳር እንዴት እንደሚቀንስ የሚገልጸውን ቀመር፣ ሥሩ (የቀመሩ መጠቆሚያ ቁጥር ለዲስክ ጋላክሲ 1፣ ለሞላላ ጋላክሲ 4 አካባቢ)፣ ቀጥሎ ሺሩን (የስበት ሌንስ፣ ማለትም በመንገድ ላይ ያለ ቁስ በስበቱ ብርሃንን ማጠፉ፣ በጋላክሲው ቅርጽ ላይ የሚያመጣውን መለጠጥ) ስጡት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከፒኤስኤፉ (አንድ የብርሃን ነጥብ በከባቢ አየሩና በቴሌስኮፑ ሲደበዝዝ ከሚይዘው ቅርጽ) ጋር ኮንቮልቭ አድርጉት፤ ማለትም በዚያ ብዥታ አደብዝዙት። ከገለበጣችሁት ከባቢ አየሩና ቴሌስኮፑ ያመጡት ብዥታም አብሮ ይለጠጣል፤ የስበት ሌንስ ግን ሥራውን የሚጨርሰው ብርሃኑ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፒክስሉ ላይ ነው። ምስሉን የሚስለው ትእዛዝ፣ ሌላ ዘዴ ካልነገራችሁት በስተቀር፣ በ«አውቶ» ይሠራል፤ የፒክስሉንም ስፋት ራሱ ያስገባል። ፒኤስኤፋችሁን ከእውነተኛ የኮከብ ምስል ወስዳችሁ ከሆነ ግን ፒክስሉ ቀድሞውኑ አለበት፤ ስለዚህ «ኖ ፒክስል»ን ምረጡ። አለበለዚያ ምስሉ በጥቂቱ ይሰፋል። በዓይን አይለይም፣ የስህተት መልእክትም አይወጣም፣ የቅርጽ ልኬቱ ግን ይዛባል። ክፋቱም ይኸው ነው።

በፎቶን መተኮስ (ምስሉን በዘፈቀደ በሚጣሉ የብርሃን ቅንጣቶች በመሥራት) ከሳላችሁ የጋላክሲው የፖይሶን ኖይዝ (ቅንጣቶቹ በዘፈቀደ ከመድረሳቸው የሚመጣው መዋዠቅ) አብሮ ይመጣል፤ የሰማዩንና የካሜራውን ንባብ ኖይዝ ብቻ ጨምሩ። ሲዱ (የዘፈቀደ ቁጥሮቹ መነሻ) 0 ከሆነ በየጊዜው ሌላ ምስል ይወጣል፤ ያንኑ ለመድገም ሌላ ሙሉ ቁጥር ስጡት።

ኤፍኤፍቲው (ኮንቮልቭ ማድረጉን የሚያሰላው የፉሪየር ስሌት) መጠኑ በዛብኝ ብሎ ከቆመ፣ የመጠን ገደቡን ከማሳደጋችሁ በፊት የጋላክሲውን ራዲየስ እዩ፤ በአርክ ሰከንድ (በሰማይ ላይ በሚለካ ማዕዘን) ፈንታ በፒክስል ተሰጥቶ ይሆናል። ልክ ከሆነ ፎቶን መተኮስን ሞክሩ፤ ኤፍኤፍቲ አይፈልግም። ዲኮንቮሉሽን (ቀድሞ የነበረውን ብዥታ መልሶ ማውጣት) ባለበት፣ ማለትም ከእውነተኛ የጋላክሲ ፎቶ በተነሳ ሥራ ግን አይሆንም።