የአሳ ማስገር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሁለት ዘንግ ለ23 ተማሪ

መጽሔቱ አንድ ገጽ ስለሰጠን ስንት ጊዜ እንደተሰበሰብን በመቁጠር ልጨርሰው አልፈልግም። በየረቡዕ ከክፍል በኋላ ተገናኝተናል፣ የፈተና ሳምንታት ላይ ዘለናል፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ መርጠናል፣ ቃለ ጉባኤው ቢሮዬ አለ፣ ማየት የፈለገ መጥቶ ይይ።

ዓመቱን ሙሉ ስጠየቅ የከረምኩትን ግን መመለስ አለብኝ። "የባህር ዳር ልጅ አሳ መያዝ ከመምህር ይማራል ወይ?" የሚል አለ፣ "ጣና ላይ በመረብ ስንት ኪሎ እየተያዘ በዚህ እርሳስ በሚያህል ዘንግ ምን ሊሆን ነው" የሚልም አለ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይም ተነስቷል። እኛ አሳ ለገበያ አናቀርብም፣ የምንወጣው ልጆቹ ውሃውን እንዲያውቁት ነው፣ ለዚህ ደግሞ ቀጭኑ ዘንግ ከመረብም ከወፍራም ዘንግም የተሻለ ያስተምራል። ይሄን ያወቅነው ተሳስተን ነው።

አምና እኔው ራሴ "ጠንካራ ይሁን" ብዬ 3 ሜትር የሆነ ወፍራም ዘንግ አስገዛሁ። ለትልቅ አምባዛ ይሆን ይሆናል፣ ለኛ ትንሽ ውሃ ግን አልሆነም፣ ምክንያቱም 2 ግራም ስፒነር (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ አሳ የሚያታልል ትንሽ ብረት፣ መንጠቆ ያለው) አስራችሁ ስትወረውሩ ዘንጉ ጭራሽ አይጎብጥም፣ ካልጎበጠ ደግሞ የሚያስፈነጥር ጉልበት የለውም፣ ስፒነሩ እግር ስር ጠብ ይላል። አሳ ቢነካውም እጅ ላይ ምንም አይሰማም። ዘንድሮ ውጭ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ለእረፍት ሲመጣ ሁለት አልትራላይት (በጣም ቀጭንና ቀላል) ዘንግ በሻንጣው ይዞልን መጣ፣ እግዜር ይስጠው። ምን እንደሚገዛ ቀድሜ ጽፌለት ነበር፣ ርዝመቱ 1.8 ሜትር ይሁን አልኩት፣ ከዛ ከረዘመ ከኋላችን ያለው ዛፍና ደንገል ላይ ይጠመጠማል፣ እንደ አንቴና የሚሰበሰበውን ተው ከሁለት ቁራጭ የሚገጣጠመውን አምጣ፣ አንቴናው አሸዋ ሲገባበት ይነክሳል፣ ጎብጠቱም እኩል አይደለም። ከመያዣው በላይ ከ1 እስከ 5 ግራም የሚል ይጻፍበት፣ የሚወረውረው ክብደት ማለት ነው፣ ሪሉ (የክሩ መጠቅለያ) ትንሹ 1000 ቁጥር፣ ክሩ 4 ፓውንድ። ሁሉንም እንዳልኩት አመጣው።

ረቡዕ ረቡዕ ግቢ ውስጥ ሳር ላይ ውርወራ ተለማመድን፣ ዒላማው የመኪና ጎማ ነበር። በጣም ደስ ያለኝ ግን የሪሉን ፍሬን፣ አሳ ሲጎትት ክር የሚለቀውን፣ ያስተካከልንበት ቀን ነው። 4 ፓውንድ ክር 1.8 ኪሎ ገደማ ሲጎተት ይበጠሳል፣ ፍሬኑ በሲሶው ማለትም በ600 ግራም ላይ ክር መልቀቅ አለበት፣ ይሄን ለማወቅ ከፊዚክስ ላብራቶሪ ስፕሪንግ ባላንስ ተውሰን ክሩ ጫፍ ላይ አስረን ጎተትን። መርፌው 6 ኒውተን አካባቢ (600 ግራም ገደማ ማለት ነው) ሲደርስ ሪሉ ክር መልቀቅ ጀመረ፣ አንድ ልጅ "ቲቸር ኒውተን ማለት ይሄ ነው እንዴ?" አለኝ። በክፍል ስንት ጊዜ ቦርድ ላይ ጽፌዋለሁ።

ጉዞውን አንዳሳ ወንዝ ነበር ያሰብነው፣ አልተፈቀደልንም፣ ስለዚህ ከተማው ውስጥ ዓባይ ከሀይቁ ከወጣ በኋላ ከሚከፋፈልባቸው ቅርንጫፎች በአንዱ፣ ጥልቀት የሌለውና ዙሪያው ገላጣ የሆነ ቦታ መረጥን። ጉማሬ አለ፣ ቀልድ የለውም፣ አካባቢውን የሚያውቁ አንድ አስጋሪ ቀድመው አይተው "ግቡ" እስኪሉን ማንም ወደ ውሃ አልተጠጋም። ከነጋ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ተራ በተራ ለእያንዳንዱ ልጅ 12 ደቂቃ ሰጠን፣ ሁለት ዘንግ ለ23 ልጅ ሲሆን ሌላ ምን ይደረጋል።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ አለች፣ አባቷ በመረብ አስጋሪ ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ የተወሳሰበ ክር የምትፈታልን እሷ ነበረች፣ ውርወራ ላይ ግን ሁሌ ተራዋን ለሌላ ትሰጣለች። የዛን ቀን ግን አልሰጠችም። ውሃው ከድንጋይ ኋላ ረጋ የሚልበትን ቦታ አየችና ከዛ ከፍ አድርጋ ወረወረች፣ ስፒነሩን ቀስ ብላ መለሰችው፣ ምንም የለም፣ እንደገና፣ ምንም። 11ኛው ደቂቃ ላይ ዘንጉ እስከ መያዣው ድረስ ጎበጠ። ሁሉም "ሳቢው! ሳቢው!" ብሎ ጮኸባት፣ እሷ ግን አልሳበችም፣ ዘንጉን ከፍ አድርጋ ይዛ ሪሉ ክር እንዲለቅ ተወችው፣ እራሷ በዳርቻው ወደ ታች ከአሳው ጋር ተራመደች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ሰዓቱን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። ነጭ አሳ ነበር፣ 31 ሴንቲ ሜትር፣ እጇን አርሳ ያዘችው፣ የመንጠቆውን ጆሮ (እንዳይወጣ የሚይዘውን ትንሽ ሹል) በፒንሳ ቀድመን ስለጨፈለቅነው በቀላሉ ወጣ፣ ለካችው፣ ለቀቀችው።

በሳምንቱ አባቷ ትምህርት ቤት መጡ። ተቆጥተው ነው ብዬ ነበር። "እውነት ልጄ ነጭ አሳ ይዛ ለቀቀች?" አሉኝ። እሷው ተጠርታ መለሰችላቸው፣ ነጭ አሳ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ክረምት ላይ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ የወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ ይዘጋበታል፣ ዘመናዊው መረብና የሞተር ጀልባ በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ከገባ ወዲህ በጣም ቀንሷል፣ ጣና ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የነጭ አሳ ዝርያዎች ደግሞ ሌላ የትም የሉም። ከነሱ ውስጥ መንጋጋው ላይ ጥርስ ሳይኖረው ትንንሽ አሳ እያሳደደ የሚበላ አለ፣ ስፒነር የሚከተለውም ለዚህ ነው፣ ቀረሶ የሚባለው አሳ ግን ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ለሱ ሊጥ ወይም ትል ነው የምናደርገው። አባቷ ዝም ብለው ሰሙና "እኔ ልጅ ሆኜ ክንድ የሚያህል ነበር" አሉ። ከዛ ዘንጉን አሳዩኝ አሉ፣ ጫፉን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ግቢው ውስጥ ሁለቴ ወረወሩበት።

ያልተሳካውንም ልናገር። ከ10 ስፒነር 6 ድንጋይ ስር ቀርቷል፣ አንዱ ዘንግ በር መሀል ገብቶ ጫፉ ተሰበረ፣ 8 ሴንቲ አጥሮ የጫፉን ቀለበት መልሰን አጣብቀን እየሰራ ነው። ሁለተኛው ጉዞ በትራንስፖርት ምክንያት ቀረ። ዘንድሮ ለክበባችን የተመደበው በጀት አንድ ጥቅልል ክር ነው፣ ለስፖርት የተገዛውን ኳስ ቁጥር ሁሉም ያየዋል፣ እኔ ኳስ አይገዛ አላልኩም፣ የኛም ልጆች የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው ነው የምለው።

ለሚቀጥለው ዓመት ከአሁኑ 31 ተማሪ ተመዝግቧል። የምንፈልገው አራት ዘንግ ከነሪሉ፣ ባለ 0 እና 1 ቁጥር ስፒነር 30 ያህል፣ አንድ ጥሩ ፒንሳ ነው። ከተማችን ውስጥ ይህን ዓይነት ዘንግ ፈልጌ አላገኘሁም፣ ስለዚህ ውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች ስትመጡ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ ሲፈታ 90 ሴንቲ ነው። የውርወራ ልምምዱን ለአዲሶቹ የምታሳየው ያቺው ልጅ ናት፣ ጠይቄያት እሺ ብላለች።