ዳግም መወለድ አለ ወይ ላልሽኝ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽልኝን ቪዲዮ አየሁት። ሕፃኑ «በፊት ሌላ ሰው ነበርኩ» ሲል እኔም ደንገጥ አልኩ። «አባዬ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ዳግም ይወለዳል ወይ? ሃይማኖቱን ለጊዜው ተወውና መልስልኝ» ብለሻል። እሺ፣ የቄሱን ለቄሱ እንተወው።

በዚህ ጉዳይ ኢያን ስቲቨንሰን የተባለው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያህል የለፋ የለም። ከህንድ እስከ ሊባኖስ እየዞረ፣ ያለፈ ሕይወታቸውን እናስታውሳለን የሚሉ የከ2,000 በላይ ሕፃናት ታሪክ ሰብስቧል። ምስክሮችን እያናገረ ቃላቸውን ይመዘግብ ነበር። ችግሩ ወዲህ ነው፦ ብዙ ጊዜ እሱ ሲደርስ የሕፃኑና የሟቹ ቤተሰቦች ተገናኝተው፣ ታሪኩን ደጋግመው አውርተውታል። ታዲያ ልጁ ራሱ ያለው የቱ ነው? ከትልልቆቹ የሰማውስ? ደግሞ ታሪኩ በብዛት የሚገኘው ዳግም መወለድ በሚታመንበት አገር ነው። እኛ ሰፈር አንድ ሕፃን እንዲያ ቢል «አትቀባጥር፣ እራትህን ብላ» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት ሴት በሂፕኖሲስ (ሌላ ሰው በቃል እየመራ በሚያስገባው የመፍዘዝ ሁኔታ) ሆና «ብራይዲ መርፊ እባላለሁ፣ አየርላንድ ነበር የምኖረው» አለች። አሜሪካ ጉድ አለ። ጋዜጠኞች ሲያጣሩ፣ በልጅነቷ ቺካጎ ከእነሱ ቤት ፊት ለፊት ብራይዲ መርፊ ኮርኬል የምትባል ሴትዮ ትኖር ኖሯል! ሆን ብላ ዋሸች አልልም። ሰው የሰማውን ከማን እንደሰማው ይረሳና የራሱ ትዝታ ይመስለዋል።

ዳግም መወለድ እንደሌለ እኔን ያሳመኑኝ ግን አያትሽ ናቸው። መጨረሻ አካባቢ ቡናውን ራሳቸው ቆልተው፣ ጢሱ ከቤት ሳይወጣ «ዛሬ ቡና አይቆላም እንዴ?» ይሉ ነበር። እኔን በወንድማቸው ስም ነበር የሚጠሩኝ። አንጎል ሲታመም፣ ሰው በሕይወት እያለ፣ ትዝታው እንዲህ ይጠፋል። አንጎሉ ጨርሶ አፈር ከሆነ በኋላ ያው ትዝታ በየት በኩል ዞሮ ሌላ ሕፃን ጭንቅላት ውስጥ ይገባል? ይህን የመለሰልኝ ሰው የለም።

ስቲቨንሰንን የምወድለት አንድ ነገር አለ። በምስጢር ኮድ የሚከፈት ጓጉንቸር ቁልፍ ገዝቶ፣ ኮዱን ለማንም ሳይነግር ቆለፈው። ከሞት በኋላ ካለሁ ለአንድ ሰው አደርሰዋለሁ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሞተ። ጓጉንቸሩ አልተከፈተም።

«ታዲያ ከሞት በኋላ ምን አለ?» ላልሽው፣ የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒኩረስ እኛ ካለን ሞት የለም፣ ሞት ሲመጣ እኛ የለንም ይላል። ለራሴ ሞት ይሠራልኛል። ለአያትሽ ግን አልሠራልኝም፤ እሳቸው ሲሄዱ እኔ ነበርኩና።

አሁን ደግሞ አንቺ መልሺልኝ። ነገ ዳግም ብወለድና አንቺን ጨርሶ ባላውቅሽ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ የሚያሰኘው ምኑ ነው? እሁድ ስትደውዪ እንከራከርበታለን። እናትሽ «እናንተ ሌላ ወሬ የላችሁም?» እያለች ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ