ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፦ ነባር ቀስተኞችን ከሜዳው ለምን ያርቃሉ?

ክቡር ኃላፊ፣

በጽሑፍ አመለከትን፣ በአካል ቀረብን፤ መልሱ «ይታያል» ብቻ ሆነ። አሁን በአደባባይ እንጠይቅዎታለን።

ውድድር ያቆሙ ቀስተኞች ታዳጊዎችን በነፃ እናሠልጥን ሲሉ «የሙያ ምዘና አልወሰዳችሁም» ተባሉ። ልክ ነው፣ ደንቡ ይላል። ምዘናውን ስጡን ሲሉ ግን ቀን የሚቆርጥላቸው ጠፋ። ምዘናውን የሚያዘጋጀው የእርስዎ ቢሮ ነው። እነዚህ ሰዎች በ70 ሜትር ርቀት፣ መሐሉ ላይ 12.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነችውን የ10 ነጥብ ክብ ሲያነጣጥሩ የኖሩ ናቸው።

እነሱ በሌሉበት ሜዳው ላይ ያለውን ይስሙ። ለ12 ዓመት ልጆች፣ ለጀማሪዎች፣ የታደለው ደጋን ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል 36 ፓውንድ ነው። ለእነሱ ከ14 እስከ 18 ፓውንድ ይበቃ ነበር። ደጋኑ የከበደው ልጅ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል፣ ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ በጀርባው መሳቡን ትቶ በክንዱ ይጎትታል። ይህ ልማድ ከያዘው በኋላ ማስተው ከባድ ነው፤ ትከሻውም ይታመማል።

ቀስቶቹ ደግሞ ለረጅሙም ለአጭሩም ልጅ እኩል ተቆርጠዋል። ይህ ያስፈራናል። ልጁ እስከ አገጩ ሲስብ የቀስቱ ጫፍ ከማረፊያው (ደጋኑ ላይ ቀስቱ ከሚቀመጥበት) ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መትረፍ አለበት። ካጠረ ከማረፊያው ወደ ኋላ ይወድቅና ሲለቀቅ ደጋን የያዘውን እጅ ይወጋል። የተሰነጠቀ የካርቦን ቀስትም ሲለቀቅ ተሰባብሮ ስንጣሪው እጅ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከመወርወር በፊት ሁለቱን ጫፍ ይዞ በቀስታ ጎበጥ እያደረጉ፣ እያዞሩ፣ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ግን የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል።

ደጋን ያለ ቀስት ተስቦ ከተለቀቀ ጉልበቱ መሄጃ አጥቶ በራሱ ክንፎች፣ ሲሳብ በሚጎብጡት የላይና የታች ክንዶቹ፣ ላይ ይመለሳል፤ ክንፎቹ ይሰነጠቃሉ። ልጆቹ ይህን በጨዋታ ያደርጉታል፣ የሚቆጣቸው የለም። በግራ ዓይኑ የሚያነጣጥር ልጅም አለ፤ የግራ ደጋን ግን አንድም አልተገዛም።

የሁሉም የበላይ ጉዳይ ግን ሜዳው ላይ መቼ እንደሚወረወርና መቼ እንደሚቆም የሚያዝዘው ፉጨት ነው። ሁለት ፉጨት ወደ መስመር መቅረቢያ፣ አንድ መወርወሪያ፣ ሦስት ቀስት መሰብሰቢያ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ደግሞ ሁሉም ባለበት እንዲያቆም ነው። ልጆች ወደ ዒላማው እየሄዱ ከኋላቸው ደጋን የሚስብ ልጅ ካለ ያ ሜዳ መዘጋት አለበት።

የምዘናውን ቀን ይቁረጡ። እስከዚያው 36 ፓውንዶቹን ደጋኖች ከልጆቹ እጅ ያስወጡ። መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን።