ለዓይንሽ ብዬ

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲሉኝ ለብቻዬ እልል ብያለሁ። የመጠፋፋታችንን ነገር ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን የምጽፍልሽ ለሌላ ጉዳይ ነው።

ያንን በባዶ ሆድ እናኝከው የነበረውን የኤችአይቪ ኪኒን ታስታውሻለሽ? ከመጀመሪያው መድኃኒታችን ወደ ሁለተኛ መስመር ሲያዛውሩን የሰጡንን፣ አፍ ውስጥ እንደ ጠመኔ የሚሆነውን? ዲዳኖሲን ነው ስሙ። እሱ ዓይኔን ጎድቶታል። አንቺም ለዓመታት ስለወሰድሽው የአንቺም ዓይን መታየት አለበት።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ምሽት ነው። እዚህ ጎንደር ከፒያሳ ስመለስ ከጎን የሚመጣው ባጃጅ የሚታየኝ ሊገጨኝ ሲል ሆነ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከፀሐይ ስገባም ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ቶሎ አይታዩኝም። ሌላው ሰው አንጋጦ ያያቸዋል፣ እኔ ጨለማ ውስጥ ቆሜያለሁ። አንድ ቦታ ሄጄ ብመረመር ሰሌዳው ላይ ያለውን «ኢ» እስከ ታች ድረስ በትክክል አመለከትኩ። «ዓይንሽ ጤነኛ ነው፣ ዕድሜ ነው» ብለው የማንበቢያ መነጽር ሸጡልኝ። መነጽሩስ አይከፋም፣ ምስር እለቅምበታለሁ።

ነገሩን የደረሰበት ጠብታ አድርጎ ብሌኔን አስፍቶ ያየኝ ሐኪም ነው። የሬቲናዬ፣ ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ማለት ነው፣ መሃሉ ደህና ነው። ፊደሉን ያነበብኩት ለዚህ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ግን ቀለሙ የለቀቀ ቦታ አለ። «ድሮ ምን ምን መድኃኒት ወስደሻል?» አለኝ። ይህን የጠየቀኝ የዓይን ሐኪም ከዚያ በፊት አልነበረም። ከሬቲናው ሥር ብርሃን ተቀባይ ሴሎችን የሚመግብ ስስ ሽፋን አለ። ዲዳኖሲን የዚህን ሽፋን ሴሎች ማይቶኮንድሪያ፣ ኃይል የሚያመነጩበትን ክፍል ማለት ነው፣ ይመርዛል። ያ እግራችንን ያቃጥለን የነበረው ነገርም የዚሁ ዘመድ ነው። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱን በሚወስዱ ሕፃናት ዓይን ላይ ጉዳቱ የተዘገበው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገና እኛ ጋ መድኃኒት የሚባል ነገር ሳይደርስ! ኋላ በአዋቂዎችም ታየ።

«እኔ እኮ ከተውኩት ቆየሁ» እንዳትዪኝ። ካቆሙት በኋላም ጉዳቱ እየሰፋ የሄደባቸው አሉ። የሞተው ሽፋን አይመለስም፣ ግን ምን እንደቀረሽ ማወቅ ይሻላል። ሪቶናቪር የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ያለበት ኪኒን ላይ ከሆንሽም ለሐኪሙ ንገሪው። እምብዛም ባያጋጥምም እሱ ደግሞ የሬቲናውን መሃል ሲነካ ታይቷል።

ደንግጠሽ የአሁኑን መድኃኒትሽን ብታቋርጪ ግን እጣላሻለሁ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ያልደረሰላቸውን ታስታውሻለሽ። ሲዲ ፎራቸው፣ የሰውነት መከላከያ ሴሎቻቸው ቁጥር ማለት ነው፣ ከ50 በታች ወርዶ ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ ሬቲናቸውን የሚያጠፋባቸውም አሉ። እኔ በዲዳኖሲን አልቀየምም፤ ሌላ በሌለበት ጊዜ ነው ያቆየኝ። የምቀየመው ዓይናችንን ማንም ሳያይልን ስንት ዓመት በማለፉ ነው።

አሮጌው የሕክምና ካርድሽ ካለ የመድኃኒቶቹን ስም ጽፈሽ ያዢ። «ጠብታ አድርጋችሁ ሬቲናዬን እዩልኝ» በያቸው፣ በሰሌዳው ብቻ እንዳይሸኙሽ። እዚያ ካልተመቸሽ ጎንደር ነይ፣ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ማዕከል አለው፣ ማረፊያው እኔ ቤት ነው። ከጠብታው በኋላ ለሰዓታት ብዥ ስለሚልሽ ልጅሽ አብራሽ ትሂድ። ያሉሽን በዚያው ቀን ደውለሽ ንገሪኝ፣ ስልኬ አልተቀየረም።