ለማይቆም ልጅስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሕፃናት ጥርስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ሸዋ በር፣ ልብስ ስፌት ቤቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን «ልጁ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱ ይቦርሽ» የሚለው ለእኔ ልጅ አይሆንም። ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) አለበት። አይቆምም፣ ብሩሽ አይጨብጥም፣ ተጉመጥምጦ መትፋትም አይችልም።

ሰው ሲያየን ከንፈሩን ይመጣል። የልጁን አፍ ከፍቶ የሚያይለት ግን የለም። ፊዚዮቴራፒ ስንሄድም ወሬው ስለ እግሩና ስለ እጁ ነው። መዋጥ ስለሚያስቸግረው አጥሚቱም፣ ሻይ ውስጥ የራሰው ዳቦም ጉንጩ ሥር ይቀራል። የሚወስደው የመድኃኒት ሽሮፕም ጣፋጭ ነው። ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል። በዚያ ላይ የሚጥል በሽታ ስላለበት ፌኒቶይን ይወስዳል። ይህ መድኃኒት ድድ ያሳብጣል፤ ሲብስም ድዱ ጥርሱን ይሸፍነዋል። የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት። «በራስሽ እንዳታቋርጪው፣ ሐኪሙን አማክሪ፣ ድዱን ግን በደንብ አጽጂለት» አለችኝ። መድኃኒቱን ሲያዙልን ይህን ቢነግሩን ምን ነበረበት?

መንጋጋው ታመመና አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኩት። ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ አዝዬው ወጣሁ። ሐኪሙ በሩ ላይ እንዳየው «ዝም ብሎ ካልተቀመጠ አልነካውም፣ አዲስ አበባ ውሰጂው» አለ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ልያዘው ብል አልሰማኝም። ልጁ «አመመኝ» ማለት አይችልም እኮ። ምግብ ሲገፋ፣ እጁን ሲነክስ፣ ሌሊት ሲያለቅስ ነው የምናውቀው።

እንደኔ ያለች እናት ካነበበችው፣ እኔ የማደርገው ይህ ነው። ከኋላው እቀመጥና ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አስደግፋለሁ። እንዳያንቀው በጀርባው አላስተኛውም። ብሩሹ ትንሽና ለስላሳ ነው፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ጫፉ ላይ ትንሽ አደርግበታለሁ። የፊት ጥርሱን ድንገት ከነካሁት ይነክሳል፤ ስለዚህ በጉንጩ በኩል ነው የምገባው። ጣቴን ጥርሶቹ መሀል አላስገባም (ባለቤቴ ሞክሮት ነበር፣ ጠባሳው አለ)። አረፋውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ እጠርግለታለሁ። ከበላ በኋላ ደግሞ ጉንጩ ሥር የቀረውን አወጣለታለሁ። ጠዋት ሥራ ሲያጣድፈኝ የይድረስ ይድረስ እሆናለሁ፤ የማታው ግን አይቀርም።

አዘጋጆች፣ አንድ የጥርስ ሐኪም አነጋግራችሁ ስለነዚህ ልጆች ጻፉልን። አንድ ነገርም ጠይቁልኝ፦ ዝም ብሎ መቀመጥ ለማይችል ልጅ ማደንዘዣ ሰጥቶ ጥርስ የሚያክም ወሎ ውስጥ የት ይገኛል? ኮምቦልቻም ይሁን ወልድያ እንሄዳለን። አዲስ አበባ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንጋጋው የታመመ ልጅ ታቅፎ አውቶቡስ ላይ መዋል ከባድ ነው።

የልጁ እናት፣ ከደሴ