ካሜራው ከኮምፒውተሩ ጋር አልገናኝ ሲል፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጥር ገብቶ ጥምቀትና ሠርግ ሲደራረብ ወደ ጥገና ክፍላችን ከሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው፦ «ካሜራዬን ከቤት ኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁት፤ ኮምፒውተሩ ግን ካሜራውን ጨርሶ አያየውም።» ይህን የሚነግሩን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ተጨንቀው ነው የሚመጡት። ካርዱ ውስጥ ያለው የልጅ ክርስትና ወይም የእህት ሠርግ ሊሆን ስለሚችል ጭንቀቱ ይገባናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ይህን እንበላችሁ፦ ፎቶዎቻችሁ ያሉት ሚሞሪ ካርዱ ላይ ነው። ካሜራውና ኮምፒውተሩ ባይግባቡም ፎቶዎቹ ካሉበት አልተነቃነቁም። ይህ ደብዳቤ ካሜራውን ተሸክማችሁ እኛ ዘንድ ከመምጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሞክሩት የምትችሉትን ይነግራችኋል።

በመጀመሪያ ግን ፈጽሞ ማድረግ የሌለባችሁ ነገር አለ። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም አስቀድመው ፎርማት ማድረግ አለብዎት» የሚል መልእክት ከመጣ እሺ አትበሉ፤ ፎርማት ማድረግ ካርዱን እንደ አዲስ ባዶ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። መልእክቱን ዝጉት፣ ካርዱን አውጡት። ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚለው ካርዱ ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ በካርዱ ላይ ያለውን አደረጃጀት ማንበብ ስላልቻለ ነው። ለምሳሌ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሚይዙት ኤስዲኤክስሲ የሚባሉት ካርዶች የሚሠሩት ኤክስፋት በተባለ አደረጃጀት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ተጨማሪ ማሻሻያ ካልተደረገለት ይህን አያውቀውም። የዱሮ ካርድ ሪደሮችም (ካርዱን ያለ ካሜራው ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙት ትንንሽ መሣሪያዎች) እንዲሁ አዳዲስ ካርዶችን አይለዩም። ካርዱን መልሳችሁ ካሜራው ውስጥ ክተቱትና የማሳያውን ቁልፍ ተጫኑ። ፎቶዎቹ በካሜራው ስክሪን ላይ ከታዩ ካርዱ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው በካሜራውና በኮምፒውተሩ መካከል ነው።

በመካከል ያለው ደግሞ ኬብሉ ነው። ከልምዳችን በመነሣት ከማንኛውም ነገር በፊት የምንጠረጥረው እሱን ነው። በተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ኬብል ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያመላልሳሉ፣ ሁለቱ መረጃ። ከርካሽ ቻርጀርና ከፓወር ባንክ ጋር የሚሸጡ አንዳንድ ኬብሎች ግን መረጃ የሚያስተላልፉት ሁለቱ ሽቦዎች ጭራሽ የሏቸውም። ከውጭ ሲታዩ ከሌላው አይለዩም፣ ካሜራው ላይም ልክክ ብለው ይገባሉ፤ ባትሪ መሙላት የሚችል ካሜራ ከሆነም ይሞላሉ። ኮምፒውተሩ ግን ምንም ነገር እንደተሰካበት አያውቅም። ኬብሉን ስትሰኩ ከኮምፒውተሩ ምንም ድምፅ ካልሰማችሁና ምንም መልእክት ካልመጣ፣ ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ኬብሉን ለውጡ። መረጃ እንደሚያስተላልፍ የምታውቁት፣ ቀደም ሲል ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፎቶ ያሻገራችሁበት ኬብል ቢሆን ይመረጣል።

የመሰኪያው ቅርጽም ከካሜራ ካሜራ ይለያያል። እዚህ አገር በብዛት የምናያቸው የካኖን 600ዲና 700ዲ ሚኒ ዩኤስቢ የሚባለውን ወፈር ያለ መሰኪያ ይጠቀማሉ። ሶኒ ኤ6000 የዱሮ አንድሮይድ ስልኮች የነበራቸውን ማይክሮ ዩኤስቢ ይቀበላል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ወደ ዩኤስቢ ሲ ተሻግረዋል። በርካታ የኒኮን ኩልፒክስ ሞዴሎች ደግሞ የራሳቸው የሆነ ጠፍጣፋ መሰኪያ ስላላቸው የጎረቤት ኬብል አይሆናቸውም። እባካችሁ አልገባ ያለውን በኃይል አትግፉ። የካሜራው መሰኪያ ከውስጥ ሰሌዳው ላይ የተበየደ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነቀለ ጥገናው ከአዲስ ኬብል ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ካሜራው መከፈቱንና ባትሪው በቂ መሆኑን እዩ። ኃይል ለመቆጠብ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን የሚያጠፋ ካሜራ ግንኙነቱን በመሃል ያቋርጣል። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ኬብሉን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ከዋናው ሰሌዳ ላይ በቀጥታ ከወጣው መሰኪያ ጋር አገናኙት። የፊት መሰኪያዎች በውስጥ በኩል በሌላ ሽቦ የተቀጠሉ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ የሚደክሙት እነሱ ናቸው። አንዱን መሰኪያ ወደ ብዙ የሚከፍል ማከፋፈያ ካለም ለጊዜው አውጡት።

ቀጥሎ የካሜራውን ሜኑ ክፈቱ። በሶኒ ካሜራዎች «የዩኤስቢ ግንኙነት» በሚለው ሥር የተለያዩ ምርጫዎች አሉ። «ፒሲ ሪሞት» የሚለው ከተመረጠ ካሜራው ራሱን ለኮምፒውተሩ የሚያቀርበው ከኮምፒውተር እንደሚታዘዝ መሣሪያ ነው፤ ፎቶዎቹን እንደ ፍላሽ ከፍታችሁ ማየት አትችሉም። «ማስ ስቶሬጅ» ወደሚለው ስትለውጡት ወዲያው ይመጣል። የካኖን ተጠቃሚዎችን ደግሞ የሚያሳስተው ሌላ ነው። የካኖን ካሜራ በመደበኛነት እንደ ፍላሽ የራሱ ፊደል (ለምሳሌ E:) ይዞ አይመጣም፤ «ተንቀሳቃሽ መሣሪያ» ተብሎ በካሜራው ስም ይቀመጣል። ፊደሉን እየፈለጉ አጠገቡ ያለውን የካሜራውን ስም ሳያዩ የሚያልፉ ደንበኞች ብዙ ናቸው። ዋይፋይ ባላቸው የካኖን ሞዴሎች፣ ለምሳሌ በ70ዲና በ6ዲ፣ ዋይፋዩ ክፍት እስካለ ድረስ ኬብሉ አይሠራም። ዋይፋዩን ዝጉና እንደገና ሞክሩ።

ከኮምፒውተሩ በኩልም የሚመጣ ችግር አለ። ዊንዶውስ ከስሙ መጨረሻ «ኤን» የሚል ፊደል ያለበት ዓይነት አለው። ይህ ለአውሮፓ ገበያ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሙዚቃና የቪዲዮ ማጫወቻውን ጨምሮ ካሜራና ስልክ ለማገናኘት የሚያስፈልጉት ክፍሎች ተቀንሰውለታል። ዘመድ ከአውሮፓ በላከው ላፕቶፕ ወይም ሰፈር ውስጥ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። መፍትሔው ነፃ ነው፦ በሴቲንግ ውስጥ አማራጭ ክፍሎች ከሚለው ቦታ ሚዲያ ፊቸር ፓክ የሚባለውን መጫንና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት። ማክ ያላችሁ ደግሞ ከካሜራው ጋር በሲዲ የመጣው አሮጌ ሶፍትዌር ካልሠራ አትደነቁ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ካወጣው ካታሊና ከተባለው የማክ ሲስተም ጀምሮ ማክ ባለ32 ቢት የሚባሉትን የዱሮ ፕሮግራሞች አይቀበልም። ማኩ ላይ አብሮ የሚመጣው ኢሜጅ ካፕቸር የሚባለው ፕሮግራም ያለ ሲዲው ሥራውን ይሠራል።

ካርዱ ተከፍቶ በውስጡ ፎቶ የማይታይበት ጊዜም አለ፤ ይህን ጠበቅ አድርገን ልንነግራችሁ እንወዳለን። ፎቶ ለማሳተም ካርዱን ለማተሚያ ቤት ወይም ለኢንተርኔት ካፌ ሰጥታችሁ ስትመለሱ፣ ፎልደሮቹ በሙሉ አቋራጭ (ሾርትከት) ሆነው ወይም ጠፍተው ልታገኙ ትችላላችሁ። ይህ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በምትኩ የሐሰት አቋራጭ ያስቀምጣል። ያን አቋራጭ አትጫኑት፤ ስትጫኑት ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተራችሁ ታስገባላችሁ። በዊንዶውስ የፎልደር ምርጫዎች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይም ምልክቱን አንሡ። ዲሲአይኤም የሚለው የፎቶ ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። ውስጡ ገብታችሁ ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ኮምፒውተራችሁ ቅዱ። ለማተሚያ ቤት የሚሰጥ ፎቶ በሌላ ፍላሽ ተቀድቶ ቢሄድ፣ ዋናው ካርድ ከቤት ባይወጣ እንመርጣለን።

እንዲያውም በግልጽ የምንመክራችሁ ኬብሉን ትታችሁ ካርድ ሪደር እንድትጠቀሙ ነው። የካሜራውን ባትሪ አይጨርስም፣ የካሜራውን መሰኪያ አያደክምም፣ የሜኑ ምርጫም አይጠይቅም። ፎቶዎቹን ስታሻግሩ «ቁረጥ» ሳይሆን «ቅዳ» የሚለውን ተጠቀሙ። በመካከል መብራት ቢጠፋ ዋናዎቹ ካርዱ ላይ እንዳሉ ይቆያሉ። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የምትጠቀሙ በተለይ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። የተቀዱትን ከፍታችሁ አይታችሁ፣ በሁለተኛ ቦታም አስቀምጣችሁ ስታበቁ ካርዱን ካሜራው ውስጥ መልሳችሁ በካሜራው ራሱ ፎርማት አድርጉት።

ካርዱን ሳታስቡት ፎርማት አድርጋችሁት ከሆነ ደግሞ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አንድም ፎቶ አታንሡበት። ፈጣኑ ፎርማት በአብዛኛው የሚያጠፋው የፋይሎቹን ማውጫ እንጂ ፎቶዎቹን አይደለም። አዲስ ፎቶ ግን በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል፤ የተጻፈበትን ማንም አይመልሰውም። ካርዱን አውጥታችሁ አስቀምጡት። ኮምፒውተር የሚችል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ፎቶሬክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ሊሞክር ይችላል፤ የተገኙትን ፎቶዎች ግን በዚያው ካርድ ላይ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጥ። ከሌለም ካርዱን ወደ እኛ አምጡት።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልሆነ ካሜራውን፣ ካርዱንና የተጠቀማችሁበትን ኬብል አንድ ላይ ይዛችሁ ኑ። ላፕቶፕ ከሆነ እሱንም ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚፈታው አራቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ነው። ኬብልና ካርድ ለመፈተሽ ክፍያ አንጠይቅም። የካሜራው መሰኪያ ራሱ ተሰብሮ ካገኘነው ሳንፈታው በፊት ዋጋውን እንነግራችኋለን። ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር አያይዛችሁ በስቱዲዮ የማትሠሩ ከሆነ ግን ለዚያ ጥገና ገንዘብ እንድታወጡ አንመክርም፤ ካርድ ሪደሩ ይበቃችኋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የካሜራ ሽያጭና ጥገና ክፍል